ክረምቱን ሳላይ አላመጣትም

ባሌ አፈር ይቀምስ ነበር። ቀልድ አይደለም። መንገድ ዳር ጎንበስ ይልና በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ያኖራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል፤ ከዚያ እንትፍ ብሎ «ይኼ ጥሩ ነው» ወይም «ይኼስ አይረባም» ይላል። እኔ ደግሞ ሰው አየን አላየን እያልኩ ግራ ቀኝ እገላመጣለሁ። የጅማ ልጅ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሰው ከየትም ይበቅላል። ነገ ገበያ ላይ «የልብስ ሰፊው ሚስት ባሏ አፈር መብላት ጀመረ አሉ» ቢባል ምን ይውጠኛል?

ቦሳ አዲስ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት፣ ደጃፉ ላይ አንዲት የስፌት መኪና፣ ከጓሮ አንድ መደብ ጎመን ነበረን። እሁድ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ የቀበሌ ስብሰባ ገብቶ ያንቀላፋል፤ እኛ ቦታ ፍለጋ እንወጣለን። የሊቀ መንበሩ ሱሪ የሚጠበውም የሚሰፋውም በባሌ እጅ ስለነበር፣ ስማችን ሲጠራ ሰውዬው ዓይኑን ጨፈን ያደርግልናል።

ለምን ትሉኝ እንደሆነ፣ ለክፉ ቀን ነው። ባሌ የወሎ ሰው ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በመጣው ረሃብ አባቱን ቀበረ። ከዚያ «ከተማ እህል ይታደላል» የሚል ወሬ ሰማና ትንሽ ወንድሙን አዝሎ ወጣ። ከተማው ሲደርስ እህልም የለ፣ የሚያድልም የለ። ሲመለስ ጀርባው ባዶ ነበር። ይህን የነገረኝ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ አንዴ ብቻ፣ ያውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ምሏል። ቀድሞ ሄዶ በዓይኑ ያላየው ቦታ ሰው አይወስድም።

እናቱ እዚያው አገሯ ቀርታለች። ሁለተኛው ድርቅ፣ ሰባ ሰባት የሚባለው፣ ሲመጣ ሬዲዮው ስለ ሌላ ሌላው ያወራል፤ እውነተኛውን ወሬ የሚያመጡልን የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። አንዱ ሾፌር ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ፣ ያየውን ሲያወራ ባሌ መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው መቀመጥ አልቻለም። ሻይ ይቀዳለታል፣ ይረሳዋል። ቁልፍ ሲተክል ጨርቁን ከራሱ ሸሚዝ ጋር ይሰፋዋል። ተኝቶ እንኳ እግሩ የስፌት መኪናውን ፔዳል ይረግጣል፤ ብርድ ልብሱን ስንቴ አስወልቆኛል!

«ሂድና አምጣት» አልኩት። «የምንበላውን ትብላ።»

«እዚህ? ከተማ ማለት የሰው እጅ ማየት ነው። ህብረት ሱቁ አንድ ሳምንት ቢዘጋ ምን ላበላት ነው፣ ክር?»

«ጎመን አለን አይደል እንዴ!»

«ጎመኑ ሲያልቅስ?»

«ጎመኑ ሲያልቅ እኔን ብሉኝ!»

አልሳቀም። «ከአንዱ ረሃብ አውጥቼ ሌላው ላይ አልጥላትም» አለ። ሐሳቡ ይኼ ነበር፤ ገጠር ወጣ ብሎ ውሃው የማይደርቅ፣ ምግቡ ከደጅ የማይጠፋ ቦታ ማግኘት፤ ገበሬ ማኅበር ተመዝግቦ ጎጆ መቀለስ፤ እናቱን እዚያ ማሳረፍ፤ የባሰ ቀን ቢመጣም እኛም ተጠቃለን መግባት። ወደዚያ በሚሄደው ሾፌር ቃል ላከባት። «ቦታ እያዘጋጀሁልሽ ነው። የትም እንዳትሄጂ። መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ጠብቂኝ» ብሎ። ሾፌሩ ሲመለስ ቃሉን ለራሷ እንዳደረሰ ነገረን። ባሌ ደስ አለው፤ ያን ቀን ከሾፌሩ የእጅ ዋጋ አልተቀበለም።

እኔ የምከተለው ለአፍ ነው። እሱ ከኦሮምኛ የሚያውቀው «አከም» የምትለዋን ሰላምታ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሲላት እንደ ትዕዛዝ ትጮሃለች።

መጀመሪያ የሄድነው አሰንዳቦ ነው። በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ያለች ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ እህሏ የታወቀ። እኔ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ወደድኳት። ሻይ ቤት አለ፣ ሰው አለ፣ ወሬ አለ፤ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ባሌ ግን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ማሳ ውስጥ ገባ። ጎንበስ አለ፣ ቆነጠረ፣ ቀመሰ። ቀና ስንል ከኋላችን የገበሬ ማኅበር ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል።

«ኤኙ? እናንተ ማናችሁ? ምን ትሰልላላችሁ?»

በኦሮምኛ አስረዳሁት። ባሌ ነው፣ እናቱን ሊያመጣ ቦታ እየፈለገ ነው አልኩት።

«ታዲያ አፈር ለምን ይበላል?»

«ቁርሱን ሳይበላ ወጥቶ ነው።»

ጥበቃው በሳቅ ፈረሰ። ጠመንጃውን አውርዶ አብሮን ተቀመጠ፤ የጠየቅነውን ሁሉ ነገረን። ባሌ ስለ ወባ ሲጠይቀው «ከጊቤ ጋር አብረን እያደርን ወባ የለም እንዴ!» አለና እሱው ራሱ ባለፈው ክረምት እንዴት እንደተንቀጠቀጠ አሳየን። በዚህ ነገሩ አለቀ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ባሌ «ወባው ይቅር፣ መንገድ ዳር ነው» አለኝ። «ረሃብም ወታደርም የሚመጣው በመንገድ ነው።»

ቀጥሎ በአጋሮ በኩል ቡና አገር ሄድን። አንድ ደግ ገበሬ ቤቱ አስገብቶ ተቀበለን። ጥላው፣ ነፋሱ፣ የቡናው ልምላሜ! እኔ እዚያው ጎጆዬን በልቤ ቀለስኩ። ባሌ ቡናው ሥር ለሥር ሲዞር ቆይቶ መጣና «ይኼ ሁሉ ቡና ነው። የሚበላውስ የታለ?» አለ። ተረጎምኩ።

«ቡናውን ሸጠን እህል እንሸምታለና» አለ ገበሬው።

«እህል የሚያመጣው መኪና ባይመጣስ? ቡና አይበላ!»

ይኼንንም ተረጎምኩ። ምነው ባልተረጎምኩ! የገበሬው ሚስት ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና በትንሽ ዕቃ ይዛ መጣች። ቡና ቀላ ነው፤ የአገሩ ሰው ለክብር እንግዳ የሚያቀርበው። «ብላ እንግዲህ» አለችው፣ «ቡና አይበላም ያለው ማነው?» ባሌ አፍሮ በላ፤ ደጋገመ። ያን ሌሊት ዓይኑ እንደፈጠጠ ነጋ። የፔዳሉን ነገር አታንሡብኝ።

«ጣፋጭ ነው» አለኝ ጠዋት። «ግን አያኖርም።»

«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» አልኩት። እውነት ለመናገር ደክሞኝ ነበር። ጫማዬ ተበልቷል። ጎረቤቶቼ «ዛሬስ የት አገር ልትሾሙ ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። እሱ በበኩሉ የትም ብንሄድ አንድ ጥያቄ አይቀርበትም፤ ሽማግሌ ካገኘ «በክፉ ቀን ምን በላችሁ?» ይላል። ሰው ፊቱን ያጠቁርበታል። ማን ክፉ ቀን መጥራት ይወዳል?

ደዶ የወጣነው በየካቲት ነው። ከጅማ ወደ ደቡብ ዳገቱን በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን። ብርዱ ሌላ ነው፤ ገብስና ባቄላ አገር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ ቤት ደረስን። ዙሪያውን እንሰት ከቦታል፤ ቤቱ አይታይም፤ ጭሱ ብቻ ነው ከቅጠሉ በላይ የሚወጣው። ሽማግሌው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ አማርኛም ይችላሉ። በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አፌን አሳረፉልኝ።

ባሌ መጀመሪያ ምንጩን አየ። ያ ወቅት ውሃ የሚመነምንበት ነው፤ እሱም የመረጠው ለዚህ ነው። እንጨት ተክሎ ጥልቀቱን ለካ፤ ጠጣ፤ አፈሩን ቀመሰ። ከዚያ የማይቀረው መጣ።

«አባባ፣ በክፉ ቀን ምን በላችሁ?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ወርቄ» አሉ፤ እዚያ አገር እንሰትን እንዲህ ነው የሚሉት። «ና ላሳይህ» ብለው ከጓሮ ወሰዱን። የጉድጓዱን ክዳን ቅጠል ገለጥ ሲያደርጉ የቆጮው ሽታ ወጣ። የኔ ጌታ የጤፍ አገር ሰው ነውና ገበያ ላይ ቆጮ ሲያይ አፍንጫውን የሚይዝ ነበር። ያን ቀን አልያዘም።

«ዝናብ ቢመጣም ቆሟል፤ ቢቀርም ቆሟል» አሉት ሽማግሌው ግንዱን መታ መታ እያደረጉ። «የራበህ ቀን ትቆርጠዋለህ። ወላሂ፣ እዚህ ሰው በረሃብ ሲሞት አላየሁም።»

ባሌ ግንዱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ አገኘ እኮ! «እማዬ እንዲህ ያለ አንድ እንኳ ቢኖራት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። እኔም አለቀ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

የት ተገላግዬ! በመጋቢት እንደገና ሄድን፤ ምንጩ በዚያ ወር ቢቀንስስ ብሎ። መንደሩ ስንደርስ ከሽማግሌው ቤት ፊት ለፊት ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ድምፅ የለም። ማየት አያሻም፣ ለቅሶ ነው።

«ቁጭ እንበል» አልኩት።

«ምንጩን ሳላይ መኪናው ይመለሳል። አይቼ ልምጣና እንገባለን።»

«አንተ ሰው! ለቅሶ እኮ ነው!»

እንጨቱን ይዞ በሐዘንተኛው ፊት አልፎ ሄደ። እኔ በዚያች ሰዓት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የወሎ ሰው እኮ ለቅሶ አልፎ አይሄድም፤ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያ የልቡ አለመቀመጥ ነው እንዲያ ያደረገው። ብቻዬን ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። የሞተው የሽማግሌው ታናሽ ወንድም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ባሌ እጅጌው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ከሩቅ «አልቀነሰም!» አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ውሃውን አየህ፤ አፈሩንም አየህ። እኛንስ መቼ ነው የምታየን?» አሉት።

ባሌ እንጨቱን ጣለው። ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ፤ መኪናው ጡሩንባውን እየነፋ ጥሎን ሲሄድ ቀና አላለም። እዚያው አደርን። በማግስቱ ሽማግሌው ራሳቸው ጠሩት። «መሬቱ የመንግሥት ነው፣ እኔ አልሰጥህም» አሉት። «ችግኙ ግን የእኔ ነው። ጓሮዬ ጥግ ትከል። እናትህን አምጣት፤ ጎጆ እስክትቀልስ እዚህ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች። ምዝገባውን ኢንሻ አላህ እናነጋግራለን።» ባሌ ጉልበታቸውን ሊስም ጎነበሰ፤ በእጃቸው መለሱት። ከሚተክላቸው ችግኞች ውስጥ አጥሩ ሥር ያለችውን አንዷን አፈር እያለበሰ «ይቺ የእማዬ ናት» አለኝ።

ቤት እንደገባን «በል እንግዲህ፣ ነገ ተነሣ» አልኩት።

ጫማውን አወለቀ። ከዚያ «ክረምቱን ሳላይ አላመጣትም» አይለኝ መሰላችሁ!

«ምን?»

«በጋ ያማረ ሁሉ ክረምት ይጋለጣል። ዳገቱ ቢናድስ? ምንጩ ጎርፍ ቢገባበትስ? መንገዱ ቢቆረጥና ብትታመምብኝ አሮጊት ሴት በምን ትወርዳለች?»

«በጀርባህ!» አልኩት። ወዲያው ምላሴን በቆረጠው አልኩ፤ ያ ወንድሙ ትዝ አለኝ። እሱ ግን ፊቱን አዙሮ መኪናው ላይ ተቀመጠና የሌለ ጨርቅ መስፋት ጀመረ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፤ በየወሩ ተጣላን። «እናትህን ነው የምታመጣው ወይስ ጃንሆይን?» እለዋለሁ። «ቦታው ይለፍ፣ በማግስቱ እሄዳለሁ» ይለኛል። ለደዶ ብርድ ብሎ ወፍራም ቀሚስ ሰፋላት። ልኳን ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ ልብስ ሰፊ የእናቱን ልክ አይረሳም መሰለኝ።

በዚያ ክረምት ሰፋሪ የጫኑ አውቶቡሶች በጅማ ያልፉ ጀመር። ከወሎም ከትግራይም እየጫኑ ወደ ምዕራብ የሚወስዷቸው። አውቶቡስ ቆመ ሲባል ባሌ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ በየመስኮቱ ፊት እያየ የአገሩን ስም ይጠራል። መናኸሪያ ሻይ ለምትሸጠውም ሴት «የአገሬ ሰው ካገኘሽ ቤቴን አሳዪልኝ» ብሎ አደራ አለ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ደስ ብሎት፣ አዎ ደስ ብሎት፣ ላስቲክ ለብሶ ብቻውን ደዶ ወጣ። ይኼ ነው የፈተናው ቀን። እሱ በወጣ በማግስቱ ባለ ሻይዋ አንዲት በሰፋሪ አውቶቡስ የመጣች ሴት ይዛ ደጄ ቆመች። ሴትዮዋ ዝናብ መትቷት ትንቀጠቀጣለች። አስገባኋት፤ እሳት ዳር አስቀመጥኳት።

«የልብስ ሰፊው ቤት ነው?»

«ነው።»

«እናቱ ጎረቤቴ ነበረች» አለች። ነበረች ስትል ገባኝ።

በግንቦት ነው የሞተችው፤ ሴትዮዋ ወሬውን የሰማችው መጠለያው ውስጥ ሆና ነው። የመንደሩ ሰው ወደ መጠለያው ሲወጣ፣ እህል ይሰጣል ሲባል፣ ነይ እንሂድ ብለዋት ነበር። «እምቢ አለች» አለችኝ ሴትዮዋ። «ልጄ ቦታ እያዘጋጀልኝ ነው፤ የትም እንዳትሄጂ፣ ጠብቂኝ ብሎኛል። መጥቶ ቢያጣኝስ አለች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገድ ስታይ ነው የተለየናት።»

ኡኡ ልል አፌን ስከፍት ነጠላዬን ጎሰጎስኩበት። መርዶ እንዲህ አይነገርማ። መርዶ ሲነጋጋ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ሰውየው ወገን ከቦት ነው የሚረዳው። ሴትዮዋን ለባለ ሻይዋ አደራ ሰጥቼ ወደ ዕድራችን ዳኛ ሮጥኩ። «ሌሊቱን ይደር፤ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን፤ አንቺ እንዳትታወቂበት» አሉኝ። ያቺን አንዷን ነገር፣ ጠብቂኝ ብሎኛል ማለቷን፣ ለዳኛውም አልነገርኩ። ሴትዮዋንም እጇን ይዤ «ይቺን ለማንም» ብዬ አስምያታለሁ።

ባሌ ማምሻውን መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«አለፈ!» አለ ገና ከደጅ። «ምንጩ አልደፈረሰም! ዳገቱ ንቅንቅ አላለም! መንገዱ ጭቃ ነው እንጂ አልተቆረጠም፤ ይኸው መጣሁ አይደል? ሰኞ ወሎ እሄዳለሁ።»

«እሰይ» አልኩ። ምን ልበል? እግሩን አጠብኩት። ራት አቀረብኩ። «ዛሬ ሽሮው ጣፈጠኝ» አለ፤ ሽሮው ጨው አልነበረውም፤ ረስቼዋለሁ። ከዚያ የቀሚሱን የመጨረሻ ቁልፍ ሊተክል ተቀመጠ። እየተከለ ያወራል። ሲያረጅ ሰው ስለሚበርደው አልጋዋ ከምድጃው ጎን ይሁን አለ፤ ቆጮ እንቢ ብትልስ፣ ቀስ እያልሽ ታስለምጃታለሽ አለኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጥባለሁ። ያን ሌሊት እግሩ ፔዳል አልረገጠም። ከዚያ ድርቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕፃን ተኛ። ተቀምጬ አየሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውየው እያንኮራፋ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፍቶ ሽማግሌዎቹን በረድፍ ሲያይ አልጠየቀም። ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። «ቦታ አግኝቼ ነበር እኮ» ብቻ አላቸው፤ እንደሚለምናቸው። «አግኝቼ ነበር እኮ።»

ለቅሶውን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን በዚያ ጭቃ ከደዶ በእግር ሰዎች ወረዱ፤ ሽማግሌው ከፊት ሆነው፣ ሴቶቹ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ተሸክመው። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ሽማግሌው ባሌ አጠገብ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። ምንጣፍ ቢያነጥፉላቸው «ሂን ባርባዱ፣ አልፈልግም» አሉ። እስኪመሽ አልተነሡም።

ሰፋሪዎቹ ሊሄዱ ሲሉ ባሌ ያን ቀሚስ ይዞ ብቻውን ወጣ። ለመርዶ አምጪዋ ሴት ሰጣት። ከተመለሰ ወዲያ ለሳምንታት ሰው አላናገረም። ሐዘን ነው አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ደዶ አልገባንም። ለማን ብለን? ቦታ ፍለጋውም ቀረ፤ አፈር መቅመሱም ቀረ። ቆይቶ የመንደር ምሥረታው መጣና የሽማግሌውን ቤት አፍርሰው ሜዳ ላይ ከሌላው ጋር በመስመር ሠሩት። እንሰቱ ግን የድሮው ጓሮ ላይ ቀረ። ባሌ በየዓመቱ በጋ አንዴ፣ ክረምት አንዴ ይወጣል፤ ያቺን አጥር ሥር ያለችውን ኮትኩቶ ይመለሳል። የእኛን ቆርጠን በላን። የእናቱን አይነካም።

በስድስተኛው ዓመት መሰለኝ ሽማግሌው ሰው ላኩ። «የእናትህ ወርቄ ሊያብብ ነው፤ ካበበ አይበላም፤ ና ቁረጥ» ብለው። ባሌ «ያብብ» አለ። እኔ ግን አንጀቴ እምቢ አለኝ። የሙት ድርሻ ይበስብስ? ራሴ ወጣሁ። ከደዶ ሴቶች ጋር ስፍቅ ዋልኩ፤ እጄ ተላጠ፤ የተፋቀው ጉድጓድ ገባ። ሲደርስ አንዱን ሸክም ይዤ መጣሁ። ባሌ ኮባውን አየና ወጣ።

ያ ግንቦት መጣ፤ መንግሥት የወደቀበት። ሱቅ ተዘጋ፤ ገበያ የሚወጣ ጠፋ። ባሌ ለዓመታት ሲፈራው የኖረው ክፉ ቀን ይኸው ደጃችን ደረሰ፤ እኛም የበላነው የእናቱን ቆጮ ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጥ እንባው ወረደ፤ እያለቀሰ በላ። የተበተነው ወታደር መለዮውን ጥሎ በየቤቱ ዳቦ ይለምናል። አንድ ቀን አንዱ እኛ ደጅ ቆመ። ጢሙ ያደገ፣ አርባ ዓመት የሚጠጋ ሰው፤ ጫማው በገመድ የታሰረ። ባሌ መኪናው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ግባ» አለው። ቆጮ አቀረብኩ፤ እንዴት እንደበላ አትጠይቁኝ።

«አገርህ የት ነው?» አለው ባሌ።

«ጎጃም፣ ጋሼ።»

«ሰው አለህ?»

«እናቴ አለች። መሞቴ ተነግሯት እንደሆነ እንጃ።» ወታደሩ አፉን ጠረገ። «መንገዱ እስኪረጋጋ እዚሁ የቀን ሥራ ብሠራ ብዬ ነው። ባዶ እጄን አልገባባትም። በሾፌር ቃል ልልክባት አስቤያለሁ።»

የባሌ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። «ምን ብለህ?»

«ደህና ነኝ፣ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ ብዬ።»

«አትላክ!»

ወታደሩ ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ። ባሌ ተነሥቶ ትከሻውን ያዘው። «ጠብቂኝ እንዳትላት። ሰማኸኝ? ጠብቂኝ ካልካት ትጠብቅሃለች። ሰው ሁሉ ሲሄድ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች። ባዶ እጅህን ሂድ። በእግርህም ቢሆን ሂድ። ዛሬ ሂድ።»

ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። ደጃፏ ላይ አለ። ያን ያህል ዘመን አፌን ዘግቼ የያዝኩትን፣ ቀሚሱን ሊሰጥ የሄደ ቀን ከሴትዮዋ ሰምቶት ኖሯል። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ከሱ ስደብቅ፣ እሱ ከእኔ ሲደብቅ ኖረን።

ባሌ የቀረውን ቆጮ በኮባ ጠቅልሎ ለወታደሩ አስታቀፈው። እስከ መንገዱ ሸኘው። ተመልሶ መኪናው ላይ ሲቀመጥ ራት ምን እንደምንበላ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩት። ጓሮ ወጥቼ ጎመን ቀነጠስኩ።